ዘይት የጠጡት አርባ እስክሪብቶዎች

ውድ ወንድም ጋሼ ያሕያ፣

ማክሰኞ ግንቦት 12 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት፣ ሸዋሮቢት። ሰማዩ አንድ ደመና አልነበረበትም፤ ነፋስም የለም፤ የቆርቆሮው ሙቀት አናት ይበሳል። በሥራ ክፍሌ ውስጥ የነበርነው ሦስት ሰዎች ነን፦ እኔ፣ የጎልማሶች ትምህርት አስተማሪዋ ሐጂራ፣ እና ሚስትህ አሲያ። ቀኑን፣ አየሩንና የነበረውን ሰው ያስቀደምኩት ስታነበው «ዙልፋ ታጋንናለች» እንዳትል ነው። ምስክር አለኝ። አንደኛዋ ምስክር ደግሞ የገዛ ሚስትህ ናት።

ሰላምታውን ዘለልኩት፣ አውፍ በለኝ። አሰላሙ ዐለይኩም ወራሕመቱላህ። አማቶችህ ደኅና ናቸው ብዬ አስባለሁ። የምትሠራላቸው የአሊዩ አምባው ቤት ጣራም ሳይመታ አልቀረም፤ አንተ የያዝከው ሥራ መቼም አያድርም። አሁን ወደ ነገሬ ልግባ።

ስልክ እያለ ወረቀት ምን አመጣው እንዳትለኝ። በስልክ ብነግርህ ገና ሳልጀምር ትስቃለህ። «አይ ዙልፋ፣ ይቺን ነው?» ትላለህ። ቀጥለህ ስለ ጣራው ማገር ታወራለህ፤ እኔም «እሺ» ብዬ እዘጋለሁ። ሰው ሁሉ ዝምተኛ ናት ይለኛል። አንተ ቀድመህ ስለምትጨርስልኝ ነው ዝም የምለው። ወረቀት አያቋርጠኝም።

ማክሰኞ ጠዋት ቀለም ልቀባ ነበር። ሁሉም ነገር ተዘጋጅቶ ነበር። አርባዎቹ የእንጨት ጉማጆች ተበስተዋል፣ የነሐስ ቱቦ በውስጣቸው ተጣብቋል፣ ቶርኖ ላይ ዞረው ክብ ሆነዋል፣ በአራት ዓይነት ብርጭቆ ወረቀት ተፈትገው እንደ ሕፃን ጉንጭ ለስልሰዋል። የቀረው ቀለሙ ብቻ ነበር፤ ከዚያ ቫርኒሹ፣ ከዚያ ከአዲስ አበባ የመጣውን የውስጥ ብረትና ክሊፕ መግጠም።

ቀለሙን እንደምታውቀው (ማለቴ እንደማታውቀው፣ ጠይቀህኝ አታውቅምና) ከሰንበቴ ገበያ ነው የምገዛው። ስፌት የሚሰፉ ሴቶች አለላቸውን የሚያቀልሙበት ዱቄት ነው። እነሱ በፈላ ውኃ ይበጠብጡታል፤ እኔ በአልኮል ነው። ውኃ የለሰለሰውን እንጨት ጸጉሩን ያቆመዋል፤ ስትዳስሰው ጃርት ይሆናል። አልኮል ግን ቶሎ ገብቶ ቶሎ ይደርቃል። ይህንን ያስተማረኝ ሰው የለም። ያስተማረኝ ያበላሸሁት እንጨት ነው።

የመጀመሪያዋን ዘንጉ ላይ ሰክቼ አረንጓዴውን በጨርቅ ቀባኋት። ቀለሙ ተዘረጋ፤ ወዲያው ደግሞ ተመልሶ ተሰበሰበ። ቅባት ባለው ድስት ላይ እንደፈሰሰ ውኃ ጠብታ ጠብታ ሆነ። ስጠርገው እዚህ አረንጓዴ፣ እዚያ ቢጫ፣ መሃል ላይ ምንም። አልኮሉ ውኃ የተቀላቀለበት መሰለኝና ሌላ ጠርሙስ ከፈትኩ። ሁለተኛዋም፣ ሦስተኛዋም ያው። ቀለሙ የከረመ መሰለኝና አዲስ በጠበጥኩ። ያው። እጄን ጠረጠርኩ፤ ሄጄ በሳሙና ታጥቤ መጣሁ። ያው። እንጨቱን ብቻ አልጠረጠርኩም። እንጨቱን አውቀዋለሁ፤ ከዘመድ አስበልጬ ነው የማውቀው። ዘጠኝ እስካበላሽ ድረስ አልጠረጠርኩትም።

ሐጂራ ቀለሙን ለማየት መጥታ ደጃፉ ላይ ቆማ ነበር። ነጠላዋን ደጋግማ ታስተካክል ነበር። ያኔ ነው አሲያ ሙዝ በሳህን ይዛ የገባችው። ጠረጴዛው ላይ አየችና፣

«ውይ፣ ዘይቱ እስካሁን አልደረቀም እንዴ?» አለች።

«የምን ዘይት?»

«ያሕያ የቀባልሽ ነዋ! አልነገረሽም?»

ቶርኖውን አጠፋሁት። ክፍሉ ጸጥ ሲል የአሲያ ድምፅ ብቻ ቀረ። እሷ እንደሆነች ስትጀምር አታቆምም።

«ቅዳሜ አንቺ ሰንበቴ ለማደር እንደሄድሽ ነው። ከዐስር እስከ መግሪብ እዚሁ በርጩማ ላይ ተቀምጦ። የኔን የኑግ ዘይት ግማሽ ጠርሙስ ጨርሶ! እያንዳንዷን ቢስሚላህ እያለ በጣቱ ያሻታል፣ ደግሞ በጨርቅ ይወለውላታል። ‹በዚህ ሙቀት ይሰነጠቁባታል፤ የዶማ እጀታ እንኳ ዘይት ካልጠጣ አይከርምም› ይለኛል። እኔማ አንድ ቀን ለኔ እንዲህ በተጨነቀ እያልኩ ነው የማየው። ምነው ዙልፋ፣ ምን ሆነሽ ነው ፊትሽ የገረጣው?»

«ሁሉንም ቀባው?»

«አንድ አላስቀረም። እሱ መች ሥራ በግማሽ ይተዋል።»

ወንድም ጋሼ፣ እሑድ ከሰንበቴ ተመልሼ ስንሰናበት «አንድ ነገር ሠርቼልሻለሁ፤ ታዪዋለሽ» ብለህ ፈገግ ያልከው ይሄንን ነበር? እኔ የጓሮውን አጥር የጠገንክ መስሎኝ «ጀዛከላህ» ብዬሃለሁ። አመስግኜሃለሁ እኮ! ስንቱን እየሳቅሁ አመስግኜሃለሁ።

አሁን የዶማ እጀታን ነገር እንነጋገር። አባታችን ሲያደርግ አይቻለሁ፤ በይፋት ቆላ ያለ ገበሬ ሁሉ ያደርገዋል፤ ልክም ነው። ዶማ ግን ቀለም አይቀባም። ዘይት የጠጣ እንጨት የጠገበ እንጨት ነው፤ ሌላ ነገር አይጠጣም። ከቫርኒሹ በኋላ ብትቀባው ግድ የለኝም ነበር። ከመፈተጌ በፊት ብትቀባውም ቢያንስ የላይኛውን ልጬ በጣልኩት። አንተ ግን ቀጥነውና ለስልሰው ባለቁበት፣ ቀለም ሊነኩ ሦስት ቀን ሲቀራቸው መረጥክ። አንዲት ቃል፣ «ዙልፋ፣ ዘይት ልቀባልሽ ወይ?» የምትል ይቺ አንዲት ቃል አቃተችህ።

የኔም ጥፋት አለበት። ሰኞ ሳያቸው ጠቆር ብለዋል ብዬ ነበር። የብርቱካን እንጨት ሲከርም ይጠቁራል ብዬ ለራሴ መልስ ሰጠሁ። ክፍሉ ቫርኒሽና ቲነር ስለሚሸት የኑጉ ሽታ አልመጣልኝም። ይሄን የምጽፈው ፍርዱ ትክክል እንዲሆን ነው።

እንጨቱ ከየት እንደመጣ ታውቃለህ፤ ጋሪውን የገፋህልኝ አንተ ነህና። ጋሼ ኸይረዲን ብርቱካኖቻቸው ታመው ሲደርቁባቸው ነቅለው ለማገዶ ሊሸጡ ሲሉ ለመንኳቸው። ያኔ ሳቅህብኝ፤ ይሁን። የማታውቀው ከዚያ ወዲህ ያለውን ነው። የብርቱካን እንጨት ነጭና ጥቅጥቅ ያለ ነው፤ ቀለም ላይ እንደሱ ያለ የለም፤ ግን በዚህ አገር ሙቀት ከደረቀ ይሰነጠቃል። ስለዚህ እያንዳንዱን ጉማጅ ጫፍና ጫፉን በቀለጠ ሻማ ደፍኜ፣ በአሸዋ ሣጥን ቀብሬ፣ አልጋዬ ሥር አስቀምጬ በየሳምንቱ እያገላበጥኩ አሥራ አራት ወር ጠበቅሁ። ከዚያ ሁሉ ክምር ሳይሰነጠቅ የወጣው አርባ ሦስት ነው። ሦስቱን ስበሳ አበላሸሁ። አርባ ቀረ። ሌላ ደረቅ የብርቱካን እንጨት በሸዋሮቢትም፣ በካራቆሬም፣ እኔ በማውቀው አገር ሁሉ የለም። «ይሰነጠቁባታል» ብለህ ለፈራህላቸው እኔ አሥራ አራት ወር ሙሉ ሳልተኛ ፈርቼላቸው፣ ፍርሃቱም አልቆ ነበር።

ለማን እንደሆኑም ልንገርህ። ሐጂራ የምታስተምራቸው አርባ ሴቶች አሉ። አብዛኞቹ እናቶች፣ አንዳንዶቹ አያቶች ናቸው። ሁለት ዓመት ተምረው ማንበብና መጻፍ ቻሉ፤ እሑድ ግንቦት 17 ይመረቃሉ። ሐጂራ ለእያንዳንዳቸው በእጅ የተሠራ የእንጨት እስክሪብቶ እንድሠራ አዘዘችኝ። ሴቶቹ የአንድ ቅሬ ዕድርተኞች ናቸው። በቅሬ ውስጥ ለአንዷ የተሰጠ ለሌላዋ ሳይበልጥ ሳያንስ ነው የሚሰጠው፤ ስለዚህ ሁሉም አንድ ቀለም ይሁን ተባለ። የቱ ቀለም የሚለው ላይ ግን ተጨቃጨቁ። ሐጂራ «በቃ፣ የምትፈልጉትን ቀለም በወረቀት ጻፉ፤ ብዙ የተጻፈው ያሸንፋል» አለቻቸው።

እኔም ነበርኩ። ወንድም ጋሼ፣ አላህ ያሳይህ፣ እነዚያ ሴቶች «አረንጓዴ» የሚለውን ቃል ለመጻፍ ያላባቸውን ላብ። እትዬ ራሕማ፣ ጥርሳቸው ያለቀው አሮጊት፣ ወረቀቱን በክንዳቸው ከልለው ይጽፋሉ፣ ያጠፋሉ፣ ይጽፋሉ። አንዲት ሴት «ቀይ» ብላ ጽፋ ስትጨርስ ለምን ቀይ እንደመረጠች ሲጠይቋት «አጭር ስለሆነ ነው» አለች። ሃያ ስድስቱ አረንጓዴ ጻፉ። በሕይወታቸው ሐሳባቸውን በወረቀት ሲሰጡ ያ የመጀመሪያቸው ነው። ጽፈው ያሸነፉበት ቀለም ነው።

ለኔም አንድ ነገር ነበረኝ። ሐጂራ እሑድ እንግዶች ፊት «እነዚህን የሠራችው የከተማችን ልጅ ዙልፋ ናት» ብላ ስሜን ልትጠራ ነበር። ትስቅብኛለህ፤ ሳቅ። ሁለት ሳምንት ሙሉ ያቺን አንዲት ደቂቃ ስጠብቅ ነበር።

ስሜ በሰው ፊት የተጠራበትን የመጨረሻ ጊዜ ታስታውሳለህ? አራተኛ ክፍል፣ አሥር ዓመቴ። በበልግ ወደ ትምህርት ቤት የምንሻገረው ወንዝ ሞልቶ የሰው ልጅ የወሰደ ጊዜ አንተ የዐሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ሆነህ፣ አባታችን በሞተ በዓመቱ፣ ትምህርት ቤት ሄደህ ስሜን ከመዝገብ አሠረዝክ። ለኔ ብለህ ነው፤ አውቃለሁ። እኔ ግን የሰማሁት ሰኞ ጠዋት ደብተሬን አስሬ ልወጣ ስል ነው። «አትሄጂም፤ ተናግሬያለሁ» አልከኝ። አስተማሪው ስም ሲጠራ የኔን ዘሎ እንዳለፈው ከጓደኞቼ ነው የሰማሁት። ወንዙ በሳምንቱ ጎደለ። እኔ አልተመለስኩም።

ከዚያ በኋላ ያነበብኩት ስኳርና ጨው የተጠቀለለበትን ጋዜጣ ነው። ግማሽ ዜና፣ የተቀደደ ማስታወቂያ፣ ጅራቱ የሌለው ታሪክ። የእንጨት ሥራውንም የተማርኩት እንደዚያው ነው። ለቤት ዕቃ አናጺዎች ምግብ ሳበስልላቸው ከደጃቸው ከጠረጉት ቁርጥራጭ ነው የጀመርኩት፤ ቶርኖውንም ከተቃጠለ የወፍጮ ሞተር በየሰዉ እየለመንኩ ነው ያሠራሁት። ቅሬታ አላሰማሁህም። ቅሬታ ለማሰማት እኮ ሰው በመጀመሪያ መጠየቅ አለበት፤ «ደስ ብሎሻል ወይ?» የሚል ሰው መኖር አለበት።

ባለቤቴ ካረፈ በኋላ ደግሞ ስልክ ቁጥሬን ለሷሊሕ የሰጠኸው! ሚስቱ የሞተችበት ባለ ወፍጮው ሷሊሕ። እኔ ስለ ባል አንድ ቃል ተናግሬ አላውቅም። ስንት ወር በየቀኑ እየደወለ «ምሳ በላሽ?» እያለኝ ነበር። ሳይደውል ቀድሜ ልበላ ስል የምሳ ሰዓቴ ተዛባ። ስነግርህ ምን አልከኝ? «ለብቻሽ እንዳትሆኚ ብዬ ነው።» ሁልጊዜ «ብዬ ነው»። የገዛ ቤቴን በር ሰማያዊ የቀባኸው እንዲያምርልኝ ብለህ ነው። ፍየሌን ሸጠህ በግ የገዛህልኝ በግ ስለሚሻለኝ ብለህ ነው። ያሕያ፣ ክፉ ሰው ብትሆን ኖሮ እንዴት ይቀለኝ ነበር! በክፉ ሰው ላይ ይጮኻል። አርባ ቁራጭ እንጨት ቢስሚላህ እያለ አንድ በአንድ ያሸ ሰው ላይ እንዴት ነው የሚጮኸው?

ይቅርታ፣ ብዕሬ ወረቀቱን ቀደደው። ልቀጥል።

አሲያ ሙዙን አስቀምጣ አለቀሰች፤ እሷን ማባበል ደግሞ በኔ ላይ ተጨመረ። ከሄደች በኋላ ሐጂራ በርጩማዋን ስባ ተቀመጠች።

«ዘይቱን ማስለቀቅ ይቻላል?»

«በቲነር እየጠረጉ፣ እየፈተጉ፣ ደግሞ እየጠረጉ። አንዷ ግማሽ ቀን ትፈጃለች። ሦስት ሳምንት ይሆናል።»

«እኛ ያለን አምስት ቀን ነው።»

«አውቃለሁ።»

«ጥቁርስ?» አለች። «ጥቁር ነገር ይሸፍናል። ጥቁር ቀቢያቸው።»

«አረንጓዴ ነው የጻፉት።»

«አረንጓዴው ጠፍቶ ነው እላቸዋለሁ። ዙልፋዬ፣ እናቶች ናቸው፤ ያገኙትን አመስግነው ይቀበላሉ። ከዞን የሚመጣ እንግዳ አለ፤ ቀረጻ አለ። በባዶ እጅ ከሚቆሙ ጥቁር ይዘው ቢቆሙ አይሻልም? ለነሱው ብለን ነው።»

እሺ አልኳት። እውነቱን ልናገር፣ ያሕያ፤ እሺ አልኳት። ቀለልም አለኝ። ሐጂራ እንደወጣች ጥቁር በጠበጥኩ፤ ከተበላሹት ዘጠኝ አንዷን በቲነር ጠረግ ጠረግ አድርጌ ሦስት ጊዜ ደራርቤ ቀባኋት። ያዘች። ሸፈነችው። ቫርኒሽ ሳስነካት አብረቀረቀች። እንዲያውም አማረች፤ የሹም እስክሪብቶ መሰለች። ሠላሳ ዘጠኙን በሦስት ቀን እንደማደርሳቸው ቆጠርኩ። ስሜ ይጠራል። ማንም አያውቅም።

አሲያ በዐስር ሰዓት ተመልሳ መጣች፤ ዓይኗ አብጧል። ጥቁሯን አንሥታ አየች።

«ሴቶቹ ጥቁር ይወዱታል?» አለችኝ።

«ለነሱ ብዬ ነው» አልኳት።

ከአፌ ሲወጣ ሰማሁት። ድምፁ የኔ ነው፤ ቃሉ ግን ያንተ ነው። አሲያም የሰማችው መሰለኝ፤ ምክንያቱም ሳቅ ሊያመልጣት ሲል አፏን ያዘች። እኔ አልሳቅሁም። በርጩማው ላይ፣ ቅዳሜ አንተ በተቀመጥክበት፣ ያንተን ሥራ ልሠራ ተቀምጫለሁ። አርባ ሰዎች በላባቸው የጻፉትን እኔ ሳልጠይቃቸው፣ ለነሱው ብዬ፣ ልሠርዘው ነው። እኔ፣ ራሴ የተሠረዝኩት!

በንዴት ጨርቁን ግድግዳው ላይ ወረወርኩት። ጥቁር ነጠብጣቡ አሁንም አለ። እንዳትቀባው።

ዛሬ ረቡዕ ጠዋት ያደረግሁትን ልክ እንደሆነው ልጻፍልህ።

ሱብሒ ሰግጄ አርባዎቹን በነጭ ጨርቅ ጠቀለልኩ። ሦስት ሰዓት ላይ በባጃጅ ወደ ቀበሌው አዳራሽ ሄድኩ፤ ሴቶቹ የምርቃቱን ዝግጅት ይለማመዱ ነበር። ሐጂራ በር ላይ ተቀበለችኝና በሹክሹክታ፣ «ጥቁሩ አለቀ?» አለችኝ።

«አላለቀም። ልጠይቃቸው ነው።»

«ምኑን?»

ጨርቁን የፊተኛው ጠረጴዛ ላይ ዘረጋሁ፤ ሠላሳ አንዱ ዘይት የጠጡት፣ ስምንቱ የተዥጎረጎሩት፣ አንዷ ጥቁሯ። አርባ ሰው ፊት ቆሜ መናገር ለኔ ምን እንደሆነ አንተ ታውቃለህ። ግን ነገርኳቸው። እንጨቱን፣ ዘይቱን፣ ቀለሙን፣ አንድ ሳልደብቅ። «ለእሑድ ከፈለጋችሁት ጥቁር አደርሳለሁ። አረንጓዴ ካላችሁ ለእሑድ አይደርስም፤ ሦስት ሳምንት ይፈጃል። የናንተ ነው፤ እናንተ ንገሩኝ» አልኩ።

ከኋላ በኩል፣

«ማነው ዘይት የቀባው?» ተባለ።

«ወንድሜ።»

«ሊያግዝሽ ነው?»

«ሊያግዘኝ ነው።»

አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። አታኩርፍ፤ ስምህን አልጠራሁም። ዘይቱና የምትባል ሴት ተነሥታ፣ «የኔም ባል ሊያግዘኝ ብሎ ነጭ ሻርፔን ከቀይ ምንጣፍ ጋር ዘፍዝፎልኝ ያውቃል። እስከዛሬ ሠርግ ቤት ሮዝ ሻርፕ ነው የምለብሰው» አለች። ሳቁ ሲበርድ እትዬ ራሕማ ጠረጴዛው ድረስ መጥተው ጥቁሯን አነሡ። አገላበጧት።

«ይቺ ግሩም ናት፣ ልጄ። እጅሽ ይባረክ» አሉኝ። መልሰው አስቀመጧት። «ግን እኔ ጥቁር አልጻፍኩም።»

«እትዬ፣» አለች ሐጂራ፣ «እንግዶች ተጠርተዋል እኮ። እሑድ ነው።»

«እንግዳው ነው የሚጽፍበት ወይስ እኔ?»

«ፎቶ አለ፣ እትዬ። ባዶ እጃችሁን ልትነሡ ነው?»

«ከሱቅ የአምስት ብሯን ይዘን እንነሣለና! ሃምሳ ስንት ዓመት በጣቴ ስፈርም ኖሬ ሦስት ሳምንት መጠበቅ ያቅተኛል?»

ያቺ ቀይ የጻፈችው ሴት፣ «ካልሆነ እኮ ቀይም...» ስትል «ቁጭ በይ አንቺ!» ብለው ጮኹባት። እጅ አውጡ ተባለ። ጥቁር ያሉት አምስት ናቸው። ሌሎቹ አረንጓዴ ይሁን፣ እንጠብቃለን አሉ። አምስቱም እሺ አሉ። በቃ። ምን ያህል ጊዜ እንደፈጀ ልንገርህ? ሃያ ደቂቃ። ሰው መጠየቅ የሚፈጀው ይህንኑ ነው፣ ወንድም ጋሼ።

ስወጣ ሐጂራ ተከተለችኝ። ተቆጥታ ነበር፤ ለሷም ያልታሰበ ራስ ምታት ነው የጨመርኩባት። «ከእሑድ በኋላ መድረክ የለም፣ ዙልፋ። ስምሽን የምጠራበት ቦታ አይኖረኝም» አለችኝ። «አውቃለሁ» አልኳት። ከፋኝ። አልከፋኝም ብዬ አልዋሽህም፤ ባጃጅ ውስጥ ሆኜ ሻርፔን ፊቴ ላይ ጎተትኩ።

ስለዚህ እሑድ እኔም እሄዳለሁ፤ ከኋላ እቀመጣለሁ፤ የሱቅ እስክሪብቶ ይዘው ሲያነሷቸው አያለሁ። ሰኞ ሥራው ይቀጥላል። አርባ ጉማጅ አለ፤ እያንዳንዱ በቲነር ይጠረጋል፣ ይፈተጋል፣ ደግሞ ይጠረጋል። ብዙ እጅ ይፈልጋል። አሁን አንድ ነገር ልጠይቅህ ነው፤ ጥያቄ እንዴት እንደሚሆን እይ። ከአሊዩ አምባ ስትመለስ አብረኸኝ ትፈትጋለህ ወይ? እኔ ባልኩህ ወረቀት፣ ባልኩህ መጠን፣ ከዚያ ሳያልፍ። አልፈልግም ማለት ትችላለህ፤ አላኮርፍም። ትፈልግ አትፈልግ ግን ሳልሰማ ምንም አልወስንልህም።

ከአዳራሹ ስመለስ መንገድ ላይ ወርጄ ከብረታ ብረት ሱቅ አንድ መቀርቀሪያና አራት ብሎን ገዛሁ። ቤት ገብቼ የሥራ ክፍሌ በር ላይ፣ ከውስጥ በኩል፣ በራሴ እጅ ገጠምኩት። አንደኛው ብሎን ጠሞ ገባ፤ ነቅዬ አቀናሁት። ሁለት ጊዜ ከፍቼ ዘጋሁት። ከዚያ በሩን ቀረቀርኩ፣ የቲነሩን ክዳን ፈታሁ፣ ከሠላሳ አንዱ የመጀመሪያዋን አነሣሁ።

ስትመጣ አንኳኳ። እከፍትልሃለሁ።

እህትህ ዙልፋ